ጥርሱ ያልተሰበረ ካሴት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወረቀት ላይ ማኅተም ለማስመታት ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሄጄ ነበር። ማኅተም መቺው ስብሰባ ላይ ነው ተባልሁ። ስብሰባ ላይ ያልሆነ ማኅተም መቺ በዕድሜዬ አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ ሳልናደድ ወጥቼ፣ ባጃጆች ተኮልኩለው ከሚጮኹበት ከነቀምቴው መገንጠያ ዳር ወዲያ ወዲህ ስል፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ደጃፍ አራት ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች ካርቶን ላይ ተሰጥተው ፀሐይ ሲሞቁ አየሁ።

«ምን ልስጥዎት አባባ?» አለችኝ ባለሱቋ። አባባ መባል ከጀመርሁ ሰንበት ብሏል፤ እስካሁን ግን አልለመድሁትም።

«ድንጋዮቹ ይሸጣሉ?»

«ኧረ እነሱስ የእናቴ ራዲዮ ናቸው። ደክመውባት ነው። ትንሽ ፀሐይ ሲያገኙ ነፍስ ይዘራሉ።»

ተማሪ ሳለን የፊዚክስ መምህራችን በዚህ ነገር ሲስቁብን ይውሉ ነበር። ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት የመሃይም እምነት ነው ይሉን ነበር። ኋላ ሳነብ የደከመ ድንጋይ ሲሞቅ እውነትም ጥቂት ጉልበት እንደሚያገኝ ተረዳሁ። መምህሩ ግን በሕይወት ስለሌሉ መርታቴ ለማንም አልጠቀመም። ስለ ድሮ ሲያወሩ ድምፃቸው የሚርድ ሰዎችን አልወድም። ድሮ ቁንጫ ነበር፣ ድሮ ጫማ አልነበረም፣ ድሮ ሰው በተቅማጥ ይሞት ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅሁ እነዚያን አራት ድንጋዮች እያየሁ እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ። ምክንያቱም ሱቋ ያለችበት ቦታ፣ ወይም ከሱቋ ጎን መስታወት የለበሰው ፎቅ ያለበት ቦታ፣ አንድ ጊዜ የአያ ይበልጣል ካሴት ቤት ነበር። እኔም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ወደ የትም እንደማያደርሰኝ ባረጋገጠ ማግስት እዚያ ተቀጥሬ ሦስት ክረምት ድንጋይ አስጥቻለሁ።

ቤቱ በጭቃ የተመረገ፣ ወለሉ አፈር፣ በሩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነበር። ግድግዳው ላይ ከጋዜጣ የተቆረጡ የዘፋኞች ፎቶግራፎች በሊጥ ተለጥፈው፣ ሊጡን አይጥ ስለበላው ግማሾቹ አገጭ የላቸውም። ባዶ ካሴት አምስት ብር፣ የተሞላ ሰባት ብር ነበር። ከጎናችን ሻይ በስሙኒ ይሸጥ ነበር፤ አሁን በዚያው ቦታ ሻይ ስንት እንደሆነ ብጽፍ ይህን ጽሑፍ ሳታነቡ እንኳ ዋጋው ይለወጣል። አያ ይበልጣል ዘወትር አንድ ቡናማ ሳፋሪ ይለብሳሉ። ክርኑ ተጥፎ፣ ጥፉም እንደገና ተጥፏል። የከተማው ጎረምሳ እግሩ እንደ ጥሩንባ የሰፋ ሱሪ አድርጎ ጭቃ ይጠርጋል፤ ከገጠር የሚመጣው ደግሞ አረንጓዴ ቁምጣውን ታጥቆ፣ ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ፣ ሊገዛ ሳይሆን ሊሰማ ይገባል። መብራት በዚያ ዘመን ለባለሥልጣንና ለወፍጮ እንጂ ለእኛ አይደለም። ሁሉም በድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ካሴቱ ይጎተታል፤ ቀጭን ድምፅ ያላት ዘፋኝ ቀስ በቀስ ወደ ባላገር ሽማግሌነት ትለወጣለች። ሰው ግን አይከፋውም ነበር። «ጉንፋን ይዟት ነው» ብሎ ይሰማል።

የአያ ይበልጣል እንጀራ ግን ዘፈን አልነበረም፤ ደብዳቤ ነበር። ልጆቿ ወደ ሰሜን የሄዱባት፣ ወንድሙ ዓባይን ተሻግሮ ወለጋ የገባበት፣ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ሁሉ እሳቸው ዘንድ መጥቶ ድምፁን ያስቀዳል። ካሴቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በክር ተሰፍቶ፣ ወደዚያ በሚሄድ የጭነት መኪና ረዳት ኪስ ይገባል። ከአዊ በኩል የሚመጡት ደግሞ ግማሹን በአማርኛ፣ የቤቱን ምሥጢር በአገውኛ ያስገባሉ። አያ ይበልጣል አገውኛ ባይሰሙም ራሳቸውን በትክክል ቦታው ላይ ይነቀንቃሉ። በርበሬ በሚወጣበት ሰሞን መገንጠያው ላይ የማዳበሪያ ጆንያው ሁሉ በርበሬ ስለሚሞላ፣ በዚያ ወር የተቀዳ ደብዳቤ በሙሉ ሳል አለበት። «ልጄ ሆይ፣ እኛ ደኅና ነን፣ እህ እህ እህ።» ልጅየው በሩቅ አገር ሆኖ እናቴን ነቀርሳ ይዟታል ብሎ ሲያለቅስ ይታየኝ ነበር።

አያ ይበልጣል ብዙ ሕግ አልነበራቸውም። አንዱ ብቻ ብረት ነበር። ካሴት በጀርባው በኩል ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። ጥርሶቹ ከተሰበሩ ቴፑ ሌላ ነገር ልቅዳበት ቢሉት እሺ አይልም። ስለዚህ ሰውየው ተናግሮ እንደጨረሰ፣ ገና ካሴቱ ሳይሰማ፣ ገና ሳይሰነባበቱ፣ አያ ይበልጣል ወረንጦ አንሥተው ጥርሱን ቀጭ ያደርጉታል። «መጀመሪያ ጥርሱን፣ ኋላ ጆሮህን» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ረስቼ የአንዲትን እናት ድምፅ በሠርግ ዘፈን ሸፈንሁት። አልተቆጡኝም። እናትየዋ እስክትመለስ ድረስ ሱቁን ዘግተው፣ ሦስት ቀን ሙሉ እኔን አጠገባቸው አስቀምጠው ዝም አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጥርስ ሳልሰብር ካሴት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

ያን ሁሉ የሰው ድምፅ ሲቀዱ የራሳቸውን ግን አንድ ቀን አልቀዱም። አያ ይበልጣል በገና ደርዳሪ ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት፣ ቁመቱ ከእኔ ደረት የሚደርስ፣ አሥር የበግ አንጀት የተወጠረበት በገና ነበራቸው። ሁዳዴ ሲገባ ይወርዳል፣ ፋሲካ ሲደርስ ይሰቀላል። በዚህ መሀል እሑድ እሑድ ጫማቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይደረድሩታል። «ይቅዱት እንጂ» ስላቸው፣ «ጸሎት ጥርስ የለውም» ብለው ይስቁ ነበር። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም። በዚያ ዕድሜ ሰው ከሳቀልህ ይበቃሃል።

ካሴት ቤቱ ሞተ። ካሴት ራሱ ሞተ። እኔ ዘግይቼ ተምሬ፣ አስተምሬ፣ አንብቤ፣ ከሰው ሁሉ ተከራክሬ ፍኖተ ሰላም ተቀመጥሁ። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ እናትነሽም አርጅተው፣ የቡሬውን ቤት ለቀው፣ ከእኔ ሁለት አጥር አልፎ ተከራዩ። አምና ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው እትዬ እናትነሽ ወደ ቤቴ መጡ። ሞራ ዓይናቸውን ጋርዶታል፤ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። ግድግዳውን እየዳበሱ ገብተው ተቀመጡ።

«ታደለ፣ አንድ ነገር ልለምንህ መጥቼ ነው።»

«ምን ሆኑ እትዬ? ይዘዙኝ እንጂ ምን ልመና ያስፈልጋል?»

«ይበልጣልን ቅዳልኝ። ጣቶቹ እየደረቁ ነው፤ በአምናው ሁዳዴ ሁለቴ ያቋርጥ ነበር። እኔ ዓይን የለኝም። እሱ ቀድሞኝ የሄደ እንደሆነ ቤቱ ዝም እንዳይልብኝ።»

«እሳቸው እሺ ይላሉ?»

«እሺ ብሎኛል። ሰው ሲያረጅ ሚስቱን ይሰማል፤ ሌላ የሚሰማ ነገር ስለሚያጣ ነው» አሉና ሳቁ።

እኔም እንደ ንጉሥ ተነሣሁ። ጓዳዬን ጠርጌ ስቱዲዮ አደረግሁት፤ ስቱዲዮ ብዬ የጠራሁት እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቴ ውዴ እስከ ዛሬ የምትጠራው የሽንኩርት ቤት ብላ ነው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልሁ። አንድ ማይክ፣ ማይኩን ከኮምፒውተር የምታገናኝ ትንሽ የብረት ሣጥን፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ከባሕር ዳር አስመጣሁ። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፤ የራሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የቻርጀሩ ገመድ ሦስት እግር ነበረው፣ የግድግዳዬ ሶኬት ሁለት ቀዳዳ። የመካከለኛዋ እግር አልገባ ስትል አገሩ ሁሉ እንደሚያደርገው በፒንሳ ሰበርኋት። በአያ ይበልጣል ዘመን ጥርስ የምንሰብረው ለማትረፍ ነበር፤ እግሯን ስሰብር ግን ምን እንደማጠፋ አላሰብሁም።

የመጀመሪያው እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ፣ አያ ይበልጣል በገናቸውን በነጠላ አልብሰው መጡ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ተቀመጡ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስከፍተው፣ ዝዝዝዝ የሚል፣ ወፍራም፣ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ጆሮዬን ሞላው። ቀፎ ውስጥ አንገቴን የከተትሁ መሰለኝ።

«ምን ሁነህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረ?» አሉ።

«ጫጫታ አለ፣ አያ ይበልጣል። የመብራት ጫጫታ ነው። ሳላጠፋው አልቀዳዎትም።»

«እኛ በሳል መሀል ስንቀዳ ኖረን የለም እንዴ?»

«ያ ሌላ ዘመን ነው። አሁን ንጹሕ መሆን አለበት።»

ንጹሕ! ይህችን ቃል ከየትኛው መጽሐፍ እንደለቀምኋት አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁዳዴን የጾምሁት ከዚያ ድምፅ ጋር ስጣላ ነው። ማቀዝቀዣውን ነቀልሁ፤ ውዴ ያስቀመጠችው ሽሮ ወጥ ተበላሸ፣ ጫጫታው አልተበላሸም። አምፖሉን አወጣሁ፣ በጨለማ ጓዳ ተቀመጥን፤ ጫጫታው በጨለማም አለ። ገመድ ለወጥሁ፣ ማከፋፈያውን ጣልሁ፣ የጎረቤቴን ብየዳ ቤት በእሑድ ዝም እንዲል ለመንሁ። በሁለተኛው እሑድ አንድ ተአምር አየሁ። አያ ይበልጣል ለመነሣት ሲደገፉ መዳፋቸው የብረት ሣጥኗ ላይ አረፈ፤ ጫጫታው እንደተቆረጠ ገመድ ጸጥ አለ። እጃቸውን ሲያነሡ ተመለሰ። እንደገና ያስቀምጡ አልኋቸው፤ ጸጥ። ባዶ እግራቸው እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ነው፤ ጫጫታው በእሳቸው በኩል ወደ መሬት ይወርዳል ማለት ነው።

«እንግዲያው እጄን እዚህ ካስቀመጥሁ በምን ልደርድር? በአፍንጫዬ?» አሉ።

ውዴን ጠራኋት። ጫማሽን አውልቂና እጅሽን እዚህ ላይ አድርጊ አልኋት። ለደቂቃ ያህል ሠራ። ከዚያ እጇን እሳት እንደነካው ነጥቃ ተነሣች።

«ነዘረኝ! አንተ ሰውዬ፣ ስታገባኝ የቤቴ ምሰሶ ብለኸኝ ነበር። ምሰሶነቱ አልበቃ ብሎህ አሁን ደግሞ ሽቦ ልታደርገኝ ነው?»

አያ ይበልጣል በሳቅ በገናቸው ላይ ተደፉ። ያን ሳቅ እንኳ አልቀዳሁትም፤ ጫጫታ ነበረበታ።

በአራተኛው እሑድ መብራት ጠፋ። አገሩ ሁሉ ሲራገም እኔ ብቻዬን ደስ አለኝ፤ ጸጥታው ወተት ይመስል ነበር። የማቀዝቀዣው ጩኸት የለ፣ የብየዳው የለ፣ የሩቁ ወፍጮ የለ። ላፕቶፑም የለም። አያ ይበልጣል ከመጡ አይቀር ብለው ደረደሩ። በገና ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ የበገና ድምፅ ራሱ እንደ ንብ ይነዝራል። ከአውታሩና አውታሩ ከሚያርፍበት ብርኩማ መካከል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፣ አውታሩ ቆዳዋን እየነካ ወፍራም ንዝረት ይሰጣል፤ ያ ንዝረት ከሌለ በገና አይደለም። ያን ዕለት ጣቶቻቸው አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጡም። ራሳቸው የገጠሙትን አሉ፦

ቤት ሠራሁ እያልሁኝ መንገድ ዳር ላይ ቁሜ፣
ለካ እንግዳ ነበርሁ ይህን ሁሉ ከርሜ።

የቡሬው መገንጠያ፣ ሰማያዊው በር፣ ወደ ነቀምቴ የሚወርደው የጭነት መኪና ሁሉ ከፊቴ አለፈ። እትዬ እናትነሽ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ግጥሙ ሲያልቅ በጨርቅ የጠቀለሉትን ስልክ ከደረታቸው አወጡ።

«በዚህ ቅዳው። ይቀዳል ይላሉ እኮ።»

«እትዬ፣ በስልክ? ስልክ እኮ የሠርግ ጭፈራ መቅጃ ነው። በገናን አይችለውም። መብራት ይመጣል፣ ታገሡ።»

ስልኩን መልሰው ጠቀለሉት። ለእሳቸው የተማረ ሰው ነበርሁ። ያን ቀን ያ ስልክ ቢከፈት ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። መብራት የመጣው ማክሰኞ ነው።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ሁሉም ነገር እንዳልተሳካልኝ ገባኝ። አያ ይበልጣል ጣታቸው አብጧል፤ ሕማማት ከገባ ደግሞ ስግደት እንጂ ወደ እኔ ሽንኩርት ቤት መምጣት የለም። ስለዚህ ከነጫጫታው ልቅዳ፣ ኋላ በፕሮግራም አጸዳዋለሁ አልሁ። ፕሮግራሙ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ጫጫታውን ብቻውን አስማኝ ይላል፤ ጥቂት ሰከንድ ታሰማዋለህ፤ ያን የመሰለውን ሁሉ ከቀረጻው ውስጥ እየለቀመ ይጥላል። ስለዚህ መቅጃውን ከፍቼ፣ እጄን አንሥቼ፣ «አያ ይበልጣል፣ እባክዎ ትንሽ ዝም ይበሉልኝ» አልሁ። ዝም አሉ። አፋቸው ተዘጋ፣ ዓይናቸው ተጨፈነ። እኔ ማዳመጫዬ ውስጥ ያን ጉርምርምታ እየሰማሁ አሥራ አንድ ሰከንድ ቆጠርሁ። ከዚያ «ይበሉ» አልሁ፤ እሳቸውም ዜማውን አነሡ። ጣታቸው ሦስት ጊዜ ተሳሳተ፣ ግጥሙን ግን ጨረሱ።

የዚያኑ ቀን የአሥራ አንድ ሰከንዱን ቁራጭ ለብቻው ቆርጬ፣ ጫጫታ ብዬ ሰይሜ፣ ባሕር ዳር ላለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ በቴሌግራም ላክሁት፤ ይህ ምንድን ነው፣ እንዴት ይጠፋል ብዬ። መልስ ሲዘገይ ትዕግሥት አጣሁ። ያንኑ ቁራጭ ለፕሮግራሙ ጫጫታው ይህ ነው ብዬ አሳየሁት። ለቀመ። ሰማሁት፤ በግጥሙ መሀል ሁሉ ጸጥታ ነው። ንጹሕ! አስቀምጥ አልሁት። በቀድሞው ላይ ልደርብ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ማሽኑ እንኳ ጠይቆኛል። አዎ አልሁ። ውዴን ጠርቼ አሰማኋት።

«ሰውዬው ለብቻቸው ያወራሉ እንዴ?» አለች።

«በገና ለስለስ ያለ ነገር ነው። አንቺ የለመድሽው ክራር ነው» አልኋት። ከእኔ ጋር መከራከር ስለሰለቻት ወጣች።

ፋሲካ ዋለ። በሳምንቱ የባሕር ዳሩ ሰው መለሰ፤ የመሬት ሽቦ የለህም፣ ፌሮ ብረት መሬት ውስጥ ቅበር፣ ጨውና ከሰል ጨምርበት፣ ውኃ አጠጣው፣ ከሶኬትህም ጋር አገናኘው፣ የሰበርኸውንም እግር መልስ። የላክሁለትን ቁራጭ የከፈተው አይመስለኝም፤ ባለሙያ ነውና ሕመምተኛውን ሳያይ ያክማል። ደግሞ ልክ ነበር። ጓሮዬን ስቆፍር ጎረቤቴ ከአጥር በላይ ብቅ ብሎ፣ «ምን ልትቀብር ነው መምህር?» አለኝ። «ጫጫታ» አልሁት። ቀበርሁት። መብራት በርቶ፣ ማቀዝቀዣው እየሠራ፣ ማዳመጫው ውስጥ ምንም የለም። እየሮጥሁ አያ ይበልጣል ዘንድ ሄድሁ። በገናው ግድግዳ ላይ ነጠላውን ለብሶ ተሰቅሏል።

«ጠፋ፣ አያ ይበልጣል! አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ቢደረድሩልኝ።»

«ሁዳዴ አለቀ እኮ ልጄ። ለከርሞ ያድርሰን።»

«አንድ ጊዜ ብቻ። እግዜር አይቀየምም።»

«እግዜርስ አይቀየምም ይሆናል። አባቴ ግን ይቀየማሉ» አሉና፣ «ቀድተኸኝ የለም? ደግሞ ጥርሱን ሰብረኸዋል አይደል?» አሉኝ።

«ይኸ ጥርስ የለውም» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ከርሞን አላዩትም። ክረምቱ መሀል ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ሰሞን፣ በአምስት ቀን ሕመም ሄዱ። በአርባቸው ማግስት ሰዉ ሲበተን ንጹሑን ቀረጻ በፍላሽ ይዤ፣ ከጎረቤት በተዋስሁት ትልቅ ድምፅ ማጉያ ለእትዬ እናትነሽ ከፈትሁላቸው። ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ግንባራቸውን ወደ ድምፁ አዘንብለው ሰሙ። ግጥሙ አለቀ። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ የተሰቀለውን በገና ሊዳብሱ እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ።

«ድምፁስ እሱ ነው» አሉ። «እጁ የት ሄደ?»

ላስረዳቸው አፌን ከፈትሁ። ትልቁ ማጉያ ግን የላፕቶፔ ትንሽ ድምፅ የደበቀውን ለእኔም አሰምቶኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን እየዘገየ ያወራል። በየመሀሉ እንደ ጭረት ያለ የጥፍር ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ንዝረቱ የለም። በገናው የለም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በገና ደርዳሪ ዝም በል ሲባል ቃሉን ይተዋል እንጂ እጁን አይተውም። ቃል ሳይወጣ በፊት አውታሮቹን በቀስታ እየነካ ያሞቃል፤ ቀዝቃዛ በገና ላይ ቃል አይነሣም። ይህን ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ ቡሬ፣ በአፈሩ ወለል ላይ ተቀምጬ ስንት ሁዳዴ አይቻለሁ። ያን ዕለት ግን አፋቸውን አየሁ፣ እጃቸውን አላየሁም። በዚያ አሥራ አንድ ሰከንድ ውስጥ የመብራቱ ጉርምርምታና የእሳቸው እጅ አንድ ላይ ነበሩ። እኔም ለማሽኑ ጫጫታው ይህ ነው ብዬ እጃቸውን አሳየሁት። ማሽን ታዛዥ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ለቅሞ ጣላቸው። የመጀመሪያውም ተደርቦበታል። የአንዲት እናትን ድምፅ በሠርግ ዘፈን የሸፈንሁት ጎረምሳ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንብቦ፣ ተምሮ፣ ሸብቶ ያንኑ ደገመው። በዚህኛው ጊዜ ሦስት ቀን ዝም የሚለኝ ሰው አልነበረም።

ለእትዬ እናትነሽ እውነቱን ነገርኋቸው። ለሌላው ሰው ሁሉ ማሽኑን እንዳማሁ አልደብቅም። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ «ምንም አልቀረም?» ብለው ብቻ ጠየቁ። አልቀረም ልል ስል ያ የላክሁት ቁራጭ ትዝ አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ከባሕር ዳሩ ሰው ጋር የተጻጻፍሁትን ወደ ላይ ስገፋ፣ ከጨውና ከከሰሉ ምክር በላይ አገኘሁት። ጫጫታ ይላል። አሥራ አንድ ሰከንድ። ከማጉያው ጋር አገናኝቼ ከፈትሁት።

ጉርምርምታው ቤቱን ሞላው። ከሥሩ፣ ሰፊ ወንዝ ሥር እንዳለ ድንጋይ፣ የእጃቸው ንዝረት በቀስታ ይንከባለላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አውታር፣ እንደገና አንድ። ትንፋሻቸውም አለበት። ጣታቸው በእነዚያ ሰከንዶች አንድ ጊዜ አልተሳሳተም። እትዬ እናትነሽ ሁለት እጃቸውን ማጉያው ላይ አሳርፈው፣ ንዝረቱን በመዳፋቸው ያዙት።

«እሱ ነው» አሉ። «ድገመው።»

ደገምሁት። አሁን ከባትሪ ድንጋዮቹ ተመልሼ ስጽፍ እንኳ በየሳምንቱ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ እየሄድሁ እደግምላቸዋለሁ። የመብራቱን ጫጫታ ከእጃቸው መለየት አይቻልም፤ ሞክሬ ሳይሆን፣ እንዳልሞክር ስለተከለከልሁ ነው። አንድ ቀን ግን ሌላ ነገር ጠየቅኋቸው። ቁራጩ ከመነሻው ላይ፣ ስቆርጠው ከአሥራ አንዱ ሰከንድ በፊት አብሮ የገባ፣ የእኔ ድምፅ አለበት። እሳቸው ባላቸውን ለመስማት ሁልጊዜ መጀመሪያ እኔን መስማት አለባቸው።

«እትዬ፣ የእኔን ብቻ ልቁረጠው? በጣም ቀላል ነው፣ ሌላውን አልነካም።»

«አትንካው» አሉ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ። «እንዲህ እንዳለ ክፈተው።»

ከፈትሁት። ሁልጊዜ እንደሚጀምረው ጀመረ፦ «አያ ይበልጣል፣ እባክዎ ትንሽ ዝም ይበሉልኝ።»